ሁሉም መሣሪያ በኮምፒውተሩ ማለፍ አለበት? የቤት ሲኒማ ኮምፒውተርና ከውጭ የሚገቡ ምስሎች

ከሳሎኑ ትልቅ ቴሌቪዥን ጋር ኮምፒውተር ያገናኘ ሰው ውሎ አድሮ አንድ ሐሳብ ይመጣበታል፤ የሳተላይት ሪሲቨሩም፣ የጌም ኮንሶሉም፣ የዱሮው የካሴት ማጫወቻም፣ የቪዲዮ ካሜራውም በዚሁ ኮምፒውተር ቢያልፉ ሁሉንም በአንድ ሪሞትና በአንድ ማውጫ ማዘዝ ይቻል ነበር የሚል። ፊልሙና ሙዚቃው ቀድሞውኑ እዚያው ስለተከማቸ ሐሳቡ ምክንያታዊ ይመስላል። ሆኖም ከውጭ የሚመጣን ምስል ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት ገመድ ከመሰካት በላይ ነው፤ የማስተላለፍ አቅም፣ መዘግየት፣ ምስጠራ፣ የድምፅ ቅንብር፣ የሶፍትዌር ጠባይ ሁሉ በየተራ ዋጋ ያስከፍላሉ። የዚህ ጸሐፊ አቋም ኮምፒውተሩ መቀበል ያለበት የሚቀዳውን ወይም የሚሠራበትን ምስል ብቻ ነው የሚል ነው፤ ታይቶ ብቻ የሚያልፈው ምስል በቀጥታ ወደ ቴሌቪዥኑ ቢሄድ ይሻላል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ምስሉ የሚያልፍበትን መንገድ ከገመዱ ጫፍ ጀምሮ መከተል ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የመጀመሪያውን እክል የሚያገኘው ገመዱን በሰካበት ቅጽበት ነው። በኮምፒውተሩ ጀርባ ያለው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ቴሌቪዥኑ ላይ ካለው ጋር በመልክ አንድ ስለሆነ ከሪሲቨሩ የመጣው ገመድ እዚያ ቢሰካ ምስሉ የሚገባ ይመስላል፤ ግን ምንም አይታይም። የኮምፒውተሩ ቀዳዳ ከግራፊክስ ካርዱ አስተላላፊ ክፍል ጋር የተያያዘ መውጫ ነው። ከጀርባው ምስል የሚቀበል ክፍል ስለሌለ ቅንብር በመለወጥም ሆነ አዲስ ድራይቨር በመጫን መግቢያ ሊሆን አይችልም። የኤችዲኤምአይ መግቢያ የተገጠመላቸው ጥቂት ላፕቶፖችና ከስክሪናቸው ጋር አንድ ላይ የተሠሩ ኮምፒውተሮች ለገበያ ቀርበው ያውቃሉ፤ በአንዳንዶቹ ላይ ግን መግቢያው የሚያገለግለው ስክሪኑን እንደ ተራ ሞኒተር ለመጠቀም ብቻ በመሆኑ ምስሉ የኮምፒውተሩ ሶፍትዌር ዘንድ አይደርስም። ስለዚህ ምስል ማስገባት የሚፈልግ ሰው ካፕቸር ካርድ የሚባለውን መሣሪያ መግዛት ግድ ይሆንበታል፤ ይኸውም ወይ በማዘርቦርዱ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ማስገቢያ ላይ ይገጠማል፣ ወይ በዩኤስቢ ይሰካል።

ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ተራ የማባዛት ስሌት ነው። የ1080 መስመር ሙሉ ኤችዲ ምስል በአግድም 1,920፣ በቁመት 1,080 ፒክስል ስላለው በአንድ ፍሬም ሁለት ሚሊዮን ያህል ነጥቦች ይኖሩታል። እያንዳንዱ ነጥብ በሁለት ባይት ቢወከልና በሰከንድ 60 ፍሬም ቢተላለፍ በየሰከንዱ 249 ሜጋባይት ያህል፣ ማለትም ወደ 2 ጊጋቢት የሚጠጋ መረጃ ይፈሳል። የዩኤስቢ 2.0 አቅም በንድፈ ሐሳብ እንኳ 480 ሜጋቢት በሰከንድ ስለሆነ ይህን ሳይጨመቅ ሊሸከም አይችልም፤ በሰከንድ 5 ጊጋቢት የሚያስተላልፈው ዩኤስቢ 3.0 ግን ይችላል። ወደ 4ኬ ሲኬድ ነጥቦቹ በአራት እጥፍ ስለሚጨምሩ ያው ስሌት 8 ጊጋቢት ያህል ያወጣል፤ ይህ ደግሞ ከዩኤስቢ 3.0 አቅም በላይ ነው። የካርዱ አምራች በዚህ ጊዜ ያለው ምርጫ የቀለሙን መረጃ መቀነስ፣ የፍሬሙን ቁጥር መቀነስ ወይም ምስሉን መጭመቅ ነው።

የማስታወሻ ፍላሽ የሚያህሉትና በየቦታው በርካሽ የሚሸጡት የዩኤስቢ ካፕቸር መሣሪያዎች የሚከተሉት የመጨረሻውን መንገድ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ቺፕ ኤምኤስ 2109 የሚባለው ሲሆን ምስሉን ለኮምፒውተሩ የሚያደርሰው በዩኤስቢ 2.0 ነው፤ አንዳንዶቹ የዩኤስቢ 3.0 መለያ የሆነው ሰማያዊ ፕላስቲክ በመሰኪያቸው ውስጥ ቢኖርም ይህን እውነት አይለውጠውም። ማሸጊያው ላይ 4ኬ ተብሎ የሚጻፈው መሣሪያው ሊቀበለው የሚችለው ምልክት ነው፤ ለኮምፒውተሩ የሚያስረክበው ግን እያንዳንዱን ፍሬም እንደ ጄፔግ ፎቶ ጨምቆ ቢበዛ ሙሉ ኤችዲ ነው፤ በተለምዶም በሰከንድ 30 ፍሬም ብቻ። የፊደላት ጠርዝ የሚደበዝዘውና ቀይ ቀለም በደማቅ ዳራ ላይ የሚፈስ የሚመስለው ከዚሁ የተነሣ ነው። በድምፁም በኩል እንግዳ ጠባይ አለው፤ 48 ኪሎኸርትዝ የሆነውን የግራና የቀኝ ድምፅ 96 ኪሎኸርትዝ የሆነ አንድ ነጠላ ድምፅ አስመስሎ ለኮምፒውተሩ ያቀርባል። ይህን የማያውቅ ሰው ስቴሪዮው የት እንደጠፋ ሲፈልግ ቅንብሩን ሁሉ ይበረብራል፤ ኮምፒውተሩ ግን የተነገረውን ተቀብሎ ከማጫወት ያለፈ ያደረገው ነገር የለም። እንዲህ ያለው መሣሪያ ለቪዲዮ ስብሰባ ወይም የካሜራን ምስል ለአፍታ ለማየት ይበቃል፤ በሰፊ ቴሌቪዥን ፊልም ለማየት ግን አይመከርም።

የአቅሙ ችግር ገንዘብ ሲጨመር የሚፈታ ነው፤ መዘግየት ግን እንደዚያ አይደለም። በሰከንድ 60 ፍሬም በሚሄድ ምስል አንድ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ካፕቸር ካርዱ ፍሬሙን ተቀብሎ እስኪያሳልፍ፣ ሶፍትዌሩ ወረፋ አስይዞ እስኪያወጣው፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከሌሎች መስኮቶች ጋር አዋህዶ ለግራፊክስ ካርዱ እስኪሰጥ፣ በመጨረሻም ቴሌቪዥኑ የራሱን ማስተካከያ እስኪያደርግ ድረስ በየደረጃው አንድም ሁለትም ፍሬም ይጨመራል። የማጫወቻ ሶፍትዌር ቅንብርም የራሱን ያክላል፤ ለምሳሌ ቪኤልሲ ከካሜራና ከካፕቸር ካርድ ለሚመጣ ምስል አስቀድሞ የተቀመጠለት የማቆያ ጊዜ 300 ሚሊሰከንድ ነው። ለፊልም ተመልካች ይህ ሁሉ ምንም አይደለም፤ ድምፁ ከምስሉ ጋር እኩል እስከዘገየ ድረስ ልብ የሚለው የለም። የጌም ተጫዋች ግን ቁልፉን ከተጫነ በኋላ ገጸ ባሕሪው ሲዘል ለማየት የሚጠብቃት እያንዳንዷ ፍሬም ትታወቀዋለች። የሪሲቨር ተጠቃሚም ቢሆን ቻናል ሲቀይር ወይም በማውጫው ላይ ወደ ታች ሲወርድ ቀስቱ ከጣቱ ኋላ እየቀረ ሲያስቸግረው ይሰማዋል።

አምራቾቹ ለዚህ ያገኙት መልስ ራሱ ብዙ ይናገራል። የተሻሉት ካፕቸር ካርዶች ከመግቢያው ጎን የኤችዲኤምአይ መውጫ አላቸው፤ የገባው ምልክት በዚህ መውጫ ሳይነካ በቀጥታ ወደ ቴሌቪዥኑ ይተላለፋል፣ ለኮምፒውተሩ የሚደርሰው ቅጂው ብቻ ነው። ተጫዋቹ የሚያየው ያልዘገየውን ምስል ሲሆን ኮምፒውተሩ ደግሞ በጎን ይቀዳል። ይህ አሠራር መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁሉም በአንድ መስኮት ይታይ የሚለውን የመጀመሪያ ሐሳብ አላስፈላጊ ያደርገዋል፤ ምክንያቱም ቴሌቪዥኑ አሁንም ሁለተኛ መግቢያ ተይዞበታል፣ ተመልካቹም በሪሞት መቀያየሩ አልቀረለትም።

ከሁሉም የከበደው ጉዳይ ምስጠራው ነው። ኤችዲሲፒ በኢንቴል የተሠራ የጥበቃ ሥርዓት ሲሆን በኤችዲኤምአይ ገመድ ውስጥ የሚያልፈውን ምስል ይመሰጥራል፤ ላኪው መሣሪያ ተቀባዩ ፈቃድ ያለው መሆኑን በቁልፍ ልውውጥ ካላረጋገጠ በቀር ምስሉን አይሰጥም። ቴሌቪዥን ፈቃዱ አለው። ካፕቸር ካርድ ግን ምስሉን ሳይመሰጠር ለኮምፒውተር የሚያስረክብ መሣሪያ ስለሆነ ሕጋዊ አምራቾች የተመሰጠረ ምልክት ሲመጣ ጥቁር ስክሪን ወይም የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ እንዲያሳይ አድርገው ይሠሩታል። የብሉሬይ ማጫወቻዎች፣ የኢንተርኔት ፊልም ማሳያ ሳጥኖችና ብዙዎቹ የክፍያ ቴሌቪዥን ዲኮደሮች ምስላቸውን ይመሰጥራሉ፤ የሚያሳዝነው ደግሞ ሰዎች ወደ ኮምፒውተሩ ሊያስገቧቸው በብዛት የሚፈልጓቸው እነዚሁ መሆናቸው ነው። ካርዱ ተበላሽቷል ተብሎ ወደ ሻጩ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ምንም ሳይሆን ነው።

በጌም ኮንሶሎች በኩል ሁኔታው ለየቅል ነው። ፕሌይስቴሽን 3 በኤችዲኤምአይ የሚያወጣውን ሁሉ ስለሚመሰጥር ጌሙን መቅዳት የሚፈልጉ ሰዎች በአናሎግ የኮምፖነንት ገመድ ይጠቀሙ ነበር። በፕሌይስቴሽን 4 እና 5 ላይ ግን ኤችዲሲፒን ከቅንብር ማውጫው ማጥፋት ይቻላል፤ ጠፍቶ ሳለ ጌሙ ይሠራል፣ የፊልም መተግበሪያዎቹ ግን አይከፈቱም። የኤችዲሲፒ ዋና ቁልፍ እ.ኤ.አ. በ2010 ለሕዝብ ይፋ ወጥቶ ኢንቴልም እውነተኛ መሆኑን አረጋግጧል፤ ምስጠራውን የሚያራግፉ ማከፋፈያ ሳጥኖችም በገበያ ላይ ይገኛሉ። ይሁን እንጂ ጥበቃን ማለፍ በራሱ በብዙ አገሮች በሕግ የተከለከለ ነው፤ በአሜሪካ ይህ ክልከላ የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ገንዘቡን ከፍሎ በሕጋዊ መንገድ ያገኘውን ፕሮግራም በገዛ ሳሎኑ በሌላ መሣሪያ ማየት የሚፈልግ ሰው ከኮፒ ነጋዴ ጋር እኩል መታየቱ ተገቢ አይመስለኝም፤ ግን ሥርዓቱ የተቀረጸው ለእርሱ ታስቦ አይደለም።

ቀደም ሲል መውጫ መንገዱ አናሎግ ነበር። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መሰኪያ ያለው የኮምፖነንት ገመድ ኤችዲ ምስልን ያለ ኤችዲሲፒ ስለሚያስተላልፍ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ለገበያ የቀረበው የሆፖግ ኩባንያ ኤችዲ ፒቪአር የዲኮደሮችን ምስል በዚህ ገመድ ተቀብሎ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ኤች 264 በተባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ እየጨመቀ ለኮምፒውተሩ ይልክ ነበር፤ የሚልከው የተጨመቀ በመሆኑ ዩኤስቢ 2.0 በቂው ነበር። በርካታ የቤት ሲኒማ ኮምፒውተሮች ለዓመታት በእርሱ ሲቀዱ ቆይተዋል። በር ሆኖ ያገለገለው ይህ አናሎግ መውጫ ግን ቀስ በቀስ ተዘጋ። የብሉሬይን የምስጠራ ፈቃድ የሚሰጠው አካል እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ አዳዲስ ማጫወቻዎች በአናሎግ የሚያወጡት ምስል ከመደበኛ ጥራት እንዳያልፍ፣ ከ2013 ማብቂያ በኋላ ደግሞ ጭራሽ በአናሎግ ምስል እንዳያወጡ ወስኗል።

የድምፅ ነገር ከምስሉ ያነሰ ትኩረት ይሰጠዋል፤ ብዙ ቅሬታ የሚመነጨው ግን ከእርሱ ነው። አብዛኞቹ ካፕቸር ካርዶች የሚያነቡት ያልተጨመቀ የሁለት ቻናል ድምፅ ብቻ ነው። ዲኮደሩ ወይም ኮንሶሉ ዶልቢ ዲጂታል የሚባለውን የተጨመቀ የዙሪያ ድምፅ እንዲያወጣ ተስተካክሎ ከሆነ ኮምፒውተሩ ጋ የሚደርሰው ዝምታ ወይም ጩኸት ነው፤ መፍትሔው በላኪው መሣሪያ ቅንብር ውስጥ ፒሲኤም (ያልተጨመቀ ድምፅ) ወይም ስቴሪዮ የሚለውን መምረጥ ነው፣ በዚህም የዙሪያ ድምፁ ይቀራል። ሌላው እክል ደግሞ እስኪገለጥ ጊዜ የሚወስድ ነው። ድምፁ የሚመጣው በላኪው መሣሪያ ሰዓት ተለክቶ ሲሆን የሚጫወተው በኮምፒውተሩ የድምፅ ካርድ ሰዓት ነው፤ ሁለቱ ሰዓቶች ፈጽሞ እኩል ሊሆኑ አይችሉም። ልዩነታቸው ከሚሊዮን 50 ብቻ ቢሆን እንኳ በአንድ ሰዓት ውስጥ 180 ሚሊሰከንድ ይደርሳል። ፊልሙ ሲጀመር ከንፈርና ቃል አብረው ይሄዱ የነበሩት መጨረሻው ላይ ሲለያዩ የሚታየው ሶፍትዌሩ ይህን ልዩነት ቀስ እያለ የማያስተካክል ሲሆን ነው።

በአንጻሩ ኮምፒውተሩ በእርግጥ ቦታው የሚሆነው ዱሮ ለተቀረጹ ነገሮች ነው። የቪኤችኤስ ካሴት በእያንዳንዱ ማጫወት እያረጀ ስለሚሄድ ወደ ፋይል ከመለወጡ ሌላ ማቆያ የለውም፤ እዚህ ላይ መዘግየትም ሆነ የሪሞት ምቾት አያሳስብም። የሚያሳስበው የገመዱ ዓይነት ነው። ቢጫው የኮምፖዚት ገመድ ብርሃኑንና ቀለሙን በአንድ ሽቦ አደባልቆ ስለሚልክ በተለያዩ ቀለሞች ወሰን ላይ የሚርመሰመሱ ነጠብጣቦች ይፈጠራሉ፤ ኤስ ቪዲዮ ግን ሁለቱን ለየብቻ ስለሚያመጣ ማጫወቻው መውጫው ካለው እርሱን መጠቀም ይሻላል። ካሴቱ ካረጀ ቴፑ ሲሽከረከር የመስመሮቹ ጊዜ ስለሚዛባ ምስሉ ከላይ በኩል ይጣመማል፣ ካርዱም ምልክቱን አጣሁ ብሎ ፍሬም ይጥላል፤ ይህን የሚያስተካክለው ታይም ቤዝ ኮሬክተር የሚባለው ክፍል ጥሩ በሚባሉት ማጫወቻዎች ውስጥ አብሮ ተሠርቷል። የፊልም ኩባንያዎች ቀድተው በሸጧቸው ብዙ ካሴቶች ላይ ደግሞ ማክሮቪዥን የተባለው ጥበቃ አለ፤ በማይታዩት መስመሮች ላይ ሐሰተኛ የብርሃን ምት በመጨመር የሚቀዳውን መሣሪያ ያደናግራል፣ ምስሉም አንዴ ይጨልማል አንዴ ይደምቃል።

አናሎግ ምስል እንደ ዛሬው ሙሉ ፍሬም በፍሬም አይመጣም። አንድ ጊዜ 1ኛው፣ 3ኛው፣ 5ኛው መስመር፣ ቀጥሎ 2ኛው፣ 4ኛው፣ 6ኛው እየተባለ በሁለት ግማሽ ይላካል፤ ኢንተርሌስድ የሚባለው ይህ ነው። ፓልና ኤንቲኤስሲ ከሚባሉት የአናሎግ ቴሌቪዥን ሥርዓቶች በፓል በሰከንድ 50፣ በኤንቲኤስሲ 60 ያህል ግማሾች አሉ። ሶፍትዌሩ ሁለቱን ግማሽ ዝም ብሎ ካጋጠማቸው የሚንቀሳቀስ ነገር ጠርዝ ላይ የማበጠሪያ ጥርስ የመሰሉ መስመሮች ይታያሉ፤ አንዱን ግማሽ ከጣለ ደግሞ እንቅስቃሴው ይቆራረጣል። ስለዚህ ሲቀዳ እንዳለ ቀድቶ፣ ግማሾቹን የማዋሃዱን ሥራ በኋላ ጥሩ ማጣሪያ ባለው ሶፍትዌር ማከናወን ይመረጣል። በዱሮ የጌም ኮንሶሎች ላይ ይህ ጉዳይ ልዩ መልክ ይይዛል። እነርሱ የሚልኩት ኢንተርሌስድ ያልሆነ የ240 መስመር ምስል ነው፤ ብዙ ካርዶች ግን የ480 መስመር ኢንተርሌስድ ነው ብለው ሁለት የተለያዩ ፍሬሞችን አንድ ያደርጓቸዋል ወይም በሰከንድ 30 ፍሬም ብቻ ያስቀራሉ። በዚህም ምክንያት ጥላን ለማሳየት በየሁለተኛው ፍሬም ብልጭ የሚል ሥዕል በቀረጻው ላይ ወይ ጭራሽ ይጠፋል፣ ወይ ሳይንቀጠቀጥ ድርቅ ብሎ ይቀራል።

በዲጂታል ካሴት የሚቀርጹት የዲቪ ካሜራዎች ግን ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነጻ ናቸው፤ ፋየርዋየር በሚባለው የመረጃ ገመድ ሲገናኙ የሚያስተላልፉት በካሴቱ ላይ የተጻፈውን መረጃ ራሱን ስለሆነ ምንም የጥራት መቀነስ የለም። የአንድ ሰዓት ካሴት 13 ጊጋባይት ያህል ቦታ ይወስዳል። እንዲህ ያለ ካሜራ ይዞ በቢጫው ገመድ የሚቀዳ ሰው ያለ ምክንያት ጥራት ይጥላል።

የዲቪው ምሳሌ ለቴሌቪዥን ስርጭትም ይሠራል። ሪሲቨር ከአንቴና ወይም ከዲሽ የተቀበለውን የተጨመቀ መረጃ ፈትቶ ወደ ምስል ይለውጠዋል፤ ካፕቸር ካርድ ደግሞ ያንን ምስል ተቀብሎ እንደገና ይጨምቀዋል። ያልተቆለፉ ቻናሎችን የሚከታተል ሰው የዲቪቢ (የዲጂታል ቴሌቪዥን ስርጭት) መቀበያ ካርድ ኮምፒውተሩ ላይ ቢገጥም የስርጭቱን መረጃ እንዳለ ስለሚያገኝ ጥራቱ አይቀንስም፣ የፕሮግራም ዝርዝሩም አብሮ ይመጣል፤ ቲቪሄድኤንድና ሚዝ ቲቪ ይህን ተቀብለው በሰዓቱ የሚቀዱ ነጻ ሶፍትዌሮች ናቸው። ከሪሲቨር በኤችዲኤምአይ ለመቅዳት ግን ሪሲቨሩ በትክክለኛው ሰዓት በትክክለኛው ቻናል ላይ መገኘት አለበት፤ ለዚህም ኮምፒውተሩ በሪሞት ፈንታ የኢንፍራሬድ ምልክት የሚልክ መሣሪያ ሊኖረው ይገባል። ከቻናሉ ቁጥር አሃዞች አንዱ ሳይደርስ የቀረ እንደሆነ በማለዳ የሚገኘው የሌላ ቻናል ቀረጻ ነው።

ትልልቆቹ ኩባንያዎችም ይህን መንገድ ሞክረው ተመልሰዋል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2002 ያስተዋወቀውን ሚዲያ ሴንተር የተባለ የሳሎን ኮምፒውተር ሶፍትዌር ከዊንዶውስ 10 ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 ትቶታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የኩባንያው ጌም ኮንሶል ኤክስቦክስ ዋን የኤችዲኤምአይ መግቢያ ነበረው፤ የዲኮደሩ ምስል በኮንሶሉ ውስጥ አልፎ ወደ ቴሌቪዥኑ እንዲሄድ፣ ሁሉም በአንድ ማውጫ እንዲታይ ታስቦ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የመጣው ተተኪው ግን መግቢያውን አላካተተም። ዲኮደሩን ለማየት ኮንሶሉ በርቶ መቆየት ነበረበት፤ የቤት ሲኒማ ኮምፒውተርም እንደዚሁ ዝማኔ ሲጭን ወይም ዳግም ሲነሣ በእርሱ በኩል የሚያልፉት መሣሪያዎች ሁሉ አብረውት ይጠፋሉ።

በእነዚህ ምክንያቶች ለአብዛኛው ሳሎን የሚበጀው አቀማመጥ ኮምፒውተሩን ከሪሲቨሩና ከኮንሶሉ ጎን እንደ አንድ ምንጭ ቆጥሮ ሁሉንም በቴሌቪዥኑ መግቢያዎች ወይም በድምፅ ማጉያው የኤችዲኤምአይ መቀያየሪያ ላይ መሰካት ነው። ኮንሶሉን መቅዳት የሚፈልግ ሰው መውጫ ያለው ካርድ በመካከል ያስገባል። ካሜራና የካሴት ማጫወቻ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰኩት ሥራ ሲኖር ብቻ ነው።

ይህም ሆኖ በኮምፒውተሩ መስኮት ውስጥ ማየት ግድ ለሚለው ሰው ጥቂት ቅንብሮች ብዙ ለውጥ ያመጣሉ። እንደ ኦቢኤስ ባለ ሶፍትዌር ካርዱን በምንጭነት ከጨመሩ በኋላ ማቆያውን ማጥፋትና ምስሉን በሙሉ ስክሪን ማውጣት መዘግየቱን ይቀንሳል። የቀለሙን ወሰንም መፈተሽ ያስፈልጋል፤ የቪዲዮ መሣሪያዎች ጥቁርን 16፣ ነጭን 235 አድርገው ሲልኩ ኮምፒውተር ከ0 እስከ 255 ስለሚቆጥር ሁለቱ ካልተናበቡ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ ወይም በጨለማ ትዕይንቶች ውስጥ ያለው ዝርዝር ይዋጣል። የፍሬም ብዛቱም እንዲሁ ነው፤ በሰከንድ 50 ፍሬም የሚልክ ሪሲቨር 60 ኸርትዝ ላይ በተቀመጠ ስክሪን ሲታይ ከየአምስቱ ፍሬም አንዱ ስለሚደገም በስክሪኑ ግርጌ የሚሄደው የዜና ጽሑፍ እየተንገጫገጨ ያልፋል። የዴስክቶፑን ቅንብር ወደ 50 ኸርትዝ መለወጥ ይህን ያስወግደዋል፤ ፊልም ወደሚታይበት ፕሮግራም ሲመለሱ ግን መልሶ ወደ 24 ወይም ወደ 60 መቀየር ያስፈልጋል።